እጭ ሆኖ የሚራባው ሳላማንደር፦ ከዳንግላ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ዳንግላ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ እንቁራሪት ዕድገት ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ‹እጭ አይራባም፤ የሚራባው ቅርጹን ቀይሮ ሲጎለምስ ነው› ብዬ ጻፍኩ። አንድ ተማሪ የአክሶሎትልን ፎቶ በስልኩ አሳየኝና ‹ቲቸር፣ ይኼ ዕድሜ ልኩን እጭ ነው ይላል፤ ታዲያ ማን ወለደው?› አለኝ። ሌላዋ ደግሞ እንቅርት ከአዮዲን እጥረት እንደሚመጣ ተምራ ስለነበር ‹አዮዲን ቢሰጡት ይጎለምሳል?› ብላ ጠየቀች። ለሁለቱም ‹ሰኞ እመልሳለሁ› ብዬ ወጣሁ። የመራቢያ አካሉ እንዴት ነው የሚዳብረው? የእኛ ኩሬ እንቁራሪትስ እንዲህ ልታደርግ ትችላለች?»

መምህር፣ እንደምን ከረሙ። የጠየቁኝ ብዙ ዓመት የደከምኩበትን ነገር ስለሆነ ምላሼ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። እኔም ያደግሁት ሞጣ አካባቢ ነው። ክረምት ሲገባ ከኩሬ የእንቁራሪት እጭ በሃይላንድ ቀድተን ቤት እናስቀምጥና የማን ቀድሞ እግር እንደሚያወጣ እንፎካከር ነበር። ያኔ እግር ማውጣትና መጎልመስ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ይህን እምነት ያፈረሰብኝ አክሶሎትል የተባለው የሜክሲኮ ሳላማንደር ነው።

ሰሌዳው ላይ የጻፉትን አያጥፉት። ለኩሬያችን እንቁራሪት እውነት ነው። «ለእንቁራሪት» የሚል ቃል ብቻ ይጨምሩበት፤ ምክንያቱን መጨረሻ አካባቢ እመለስበታለሁ።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ሁለት የተለያዩ አባባሎች አሉት። «ለአካለ መጠን ደረሰ» ስንል ስለ ሰውነቱ መሙላት እናወራለን። «አቅመ አዳም ደረሰ»፣ «አቅመ ሔዋን ደረሰች» ስንል ደግሞ ለመውለድ መብቃትን። በሰው ላይ ሁለቱ ተቀራርበው ስለሚመጡ አንዱን በሌላው እየተካን እንናገራለን። አክሶሎትል ላይ ግን ተለያይተዋል፤ አቅመ ሔዋን ደርሳ፣ ለአካለ መጠን ሳትደርስ የምትኖር እንስሳ ናት። ነገሩ ለገጠር ልጅ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ጊደር ጥርሷን ለውጣ ሳትጨርስ ልትወልድ ትችላለች፤ ገበሬውም «ጥርሷ ሳይሞላ እንዴት ወለደች» ብሎ አይደነግጥም። ጥርስ በራሱ ጊዜ፣ ማሕፀን በራሱ ጊዜ እንደሚሄድ ያውቃል። በአክሶሎትል ይኼው ልዩነት ተለጥጦ የዕድሜ ልክ ሆነ።

ሳላማንደር በአገራችን ስለሌለ ለተማሪዎቹ መልኩን አስቀድመው ይግለጹላቸው። በአፍሪካ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ ውስጥ ብቻ ነው። አራት እግርና ጅራት ስላለው እንሽላሊት ይመስላል፤ ቆዳው ግን እንደ እንቁራሪት እርጥብና ቅርፊት አልባ ነው። ብዙ ዓይነት ሳላማንደር ውኃ ውስጥ ሲፈለፈል ከአንገቱ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ላባ መሳይ፣ ውኃ ውስጥ የሚተነፍስባቸው ስንጥቦች ይዞ ነው። ጅራቱ ላይ እንደ ዓሣ ቀጭን ክንፍ አለው፤ የዓይን ቆብ የለውም። ጊዜው ሲደርስ ስንጥቦቹ ይሟሽሻሉ፣ የጅራቱ ክንፍ ይጠፋል፣ የዓይን ቆብ ይወጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፤ ከዚያ ወደ የብስ ይወጣል። ይህ ነው ሜታሞርፎሲስ። የሜክሲኮው አክሶሎትል ይህን ሁሉ ትቶ ስንጥቡን እንደያዘ ያድጋል፣ እንቁላል ይጥላል፣ ውኃ ውስጥ ያረጃል።

እንዴት? መራዊ አጠገብ ያለውን የቆጋን መስኖ ያስቡ። ውኃው የሚመጣው ከአንድ ግድብ ነው፤ ወደየማሳው የሚገባው ግን በየራሱ ቦይ ነው። የአንዱ ቦይ በር ቢዘጋ የዚያ ማሳ ይደርቃል እንጂ የጎረቤቱ በቆሎ ይለመልማል። ግድቡ እዚህ ላይ አንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስና ከእሱ ጋር የተያያዘችው ትንሽ ዕጢ፣ ፒቱታሪ ናቸው። አንደኛው ቦይ አንገት ውስጥ ወዳለው ዕጢ፣ ወደ ታይሮይድ ይሄዳል፦ ፒቱታሪ ታይሮይድን የሚቀሰቅስ ሆርሞን ትልካለች፣ ታይሮይድ የራሱን ሆርሞን ያመነጫል፣ ያ ሆርሞን ስንጥቡን «ሟሽሽ»፣ የዓይኑን ቆብ «ውጣ» ይላል። ሁለተኛው ቦይ ወደ ቆለጥና ወደ እንቁልጢ ይሄዳል፦ ፒቱታሪ ሌሎች ሁለት ሆርሞኖች ትልካለች፣ እነሱም በወንዱ ቴስቶስቴሮን፣ በሴቷ ኢስትሮጅን እንዲመነጭና ዘር እንዲበስል ያደርጋሉ።

አክሶሎትል ላይ የተዘጋው የመጀመሪያው ቦይ በር ነው። ታይሮይዱ ጤነኛ ነው፤ ስንጥቡም ትእዛዝ ቢደርሰው ይታዘዛል። የጎደለው ከፒቱታሪ በበቂ መጠን፣ በጊዜው የሚመጣው ቅስቀሳ ነው። ይህን የምናውቀው በሙከራ ነው፤ ታይሮይድን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ከውጭ ሲወጋ ወይም የታይሮይድ ሆርሞኑ ራሱ ሲሰጠው አክሶሎትል በሳምንታት ውስጥ ስንጥቡን ጥሎ የየብስ እንስሳ ይሆናል። ሁለተኛው ቦይ ግን ክፍት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ፣ ወደ መራቢያ አካሉ ልግባ። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ «ስንጥቡን ሳይጥል ይራባል» ተብሎ ይታለፍና እንስሳው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማንም አይናገርም።

በእንቁራሪት የነገው ዘር የሚሆኑት ሴሎች ዕጣቸው የተወሰነው ገና እንቁላሉ ውስጥ ነው፤ እናትየው እንቁላሏ ግርጌ የምታስቀምጠው ልዩ ፈሳሽ አለ፣ እሱን የወረሰ ሴል የዘር ሴል ይሆናል። በሳላማንደር እንዲህ ያለ ውርስ የለም። ፅንሱ ካደገ በኋላ ከጎረቤት ሴሎች በሚመጣ መልእክት የተወሰኑት ይመረጣሉ። የተመረጡት ሴሎች ወደ ጀርባው ውስጠኛ ጎን ተጉዘው፣ ከኩላሊቱ አጠገብ ባሉ ሁለት ጠርዞች ላይ ይሰፍራሉ። እነዚያ ጠርዞች በወንዱ ቆለጥ፣ በሴቷ እንቁልጢ ይሆናሉ። ፆታውን የሚወስነው ክሮሞዞም ነው፤ እንደ ዶሮ ሁሉ ሁለት ዓይነት የፆታ ክሮሞዞም የያዘችው ሴቷ ናት። ይህ ሁሉ የታይሮይድን ትእዛዝ አይጠብቅም።

በሴቷ እንቁልጢ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን እንቁላሎች ለወራት ቀስ ብለው ያድጋሉ። ኢስትሮጅን በደሟ ሲጨምር ጉበቷ የአስኳል ፕሮቲን መሥራት ይጀምራል፤ ፕሮቲኑ በደም ተጉዞ እንቁላሎቹ ውስጥ ይከማቻል። እያንዳንዱ እንቁላል ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በመቶዎች ሲሆኑ ሆዷ ከላይ ታይቶ ይለያል። የእንቁላል ቱቦዋም ይጠመዘዛል፣ ይወፍራል፣ እንቁላሉን የሚሸፍነውን ዝልግልግ ንብርብር ያዘጋጃል። በወንዱ ቆለጥ ውስጥ ስፐርም ይበስልና ከኩላሊቱ ጋር በተያያዘው ቱቦ ወርዶ ወደ ክሎአካ ይደርሳል። ክሎአካ ማለት እንደ ዶሮ ሽንቱም፣ ዓይነ ምድሩም፣ ዘሩም የሚወጣበት አንድ በር ነው። የወንዱ ክሎአካ ዙሪያ ያሉት ዕጢዎች ስለሚያብጡ አርቢዎች ወንዱን የሚለዩት በዚያ እብጠት ነው። በቂ ምግብና የተስማማ ሙቀት ያገኘ አክሶሎትል በስድስት ወር ሊደርስ ይችላል፤ ብዙው ዓመት አካባቢ ነው።

ሲራባም አኳኋኑ የጎልማሳ ሳላማንደር ነው። ወንዱ ጅራቱን እያወዛወዘ ይመራል፣ ሴቷ ትከተለዋለች። እሱ ኩሬው ወለል ላይ ከዝልግልግ ነገር የተሠራች፣ አናቷ ላይ ስፐርም የያዘች ትንሽ ሾጣጣ ነገር ያስቀምጣል፤ እሷ በላዩዋ ስታልፍ አናቷን በክሎአካዋ ታነሣለች። ስፐርሙ በክሎአካዋ ጣሪያ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ይቀመጣል፤ እንቁላሎቹ በዚያ ሲያልፉ ይፀነሳሉ። ከዚያ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ፣ እንቁላሎቿን በውኃ ሣር ላይ እየለጠፈች ትጥላለች። ከመቶ እስከ ሺህ ሊደርሱ ይችላሉ፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ይፈለፈላሉ። ለተማሪዎ የመልሱ ፍሬ ይኼ ነው፦ የወለደችው እናቱ ናት፤ እሷም ስንጥብ ነበራት።

ከዚህ ላይ አንድ በጣም የምወደውን እውነታ ልጨምር። አክሶሎትል «እጭ» ነው ስንል እንኳ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ደሙን ብንመረምር የእጭ ሄሞግሎቢኑ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን) በወራት ዕድሜው ወደ ጎልማሳ ሄሞግሎቢን ይለወጣል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ትንሽ የታይሮይድ ሆርሞን ስላለው በትንሹ የሚረኩት ሕዋሶች ይለወጣሉ፤ ብዙ የሚጠይቁት፣ እንደ ስንጥብ ያሉት፣ እንደነበሩ ይቀራሉ። ስለዚህ «ይህ እንስሳ እጭ ነው ወይስ ጎልማሳ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጠማማ ነው። የሚጠየቀው «የትኛው አካሉ?» ተብሎ ነው። ስንጥቡ እጭ፣ ደሙ ጎልማሳ፣ እንቁልጢዋ ጎልማሳ።

ሊቃውንቱም ለረጅም ጊዜ ተደናግረዋል። ፈረንሳዊው ኪዩቪዬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ሁምቦልት ከሜክሲኮ ያመጣቸውን ናሙናዎች መርምሮ የሌላ ሳላማንደር እጭ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጠርጥሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1864 በሕይወት ያሉ አክሶሎትሎች ፓሪስ ገቡ፤ ኦጉስት ዱሜሪልም በሙዚየሙ አስቀመጣቸው። በ1865 ስንጥባቸውን እንደያዙ ተራቡ፤ ጎልማሶች ናቸው ተባለ። በዚያው ዓመት ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ ስንጥባቸውን ጥለው ሌላ እንስሳ መሰሉ! አንዱ ገንዳ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፍጥረት የተወለደ ነበር የሚመስለው። በኋላ ጀርመናዊቷ ማሪ ፎን ሾቫን ውኃውን ቀስ በቀስ እየቀነሰች፣ ተራ በሚመስል ትዕግሥት፣ አክሶሎትሎችን ወደ የብስ ማውጣት ቻለች። ሆርሞን የሚለው ቃል ገና አልተፈጠረም ነበር። በ1912 ጉደርናች የተባለ ተመራማሪ ለእንቁራሪት እጮች የታይሮይድ ዕጢ ሲመግባቸው ዝንብ የምታህል እንቁራሪት ሆነው ከጊዜያቸው በፊት ቅርጻቸውን ለወጡ። ያኔ የበሩ ቁልፍ የት እንዳለ ታወቀ።

ወደ አዮዲኑ ልምጣ፤ ያቺን ተማሪ በእኔ ስም ያመስግኑልኝ። ጎጃም ደጋ ያደገ ሰው እንቅርት ምን እንደሆነ ይጠፋዋል አልልም፤ ከተራራማ መሬታችን ዝናቡ ለዘመናት አዮዲኑን አጥቦ ወስዶታል። የታይሮይድ ሆርሞን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ ዋናው ዓይነት በእያንዳንዱ ሞለኪውል አራት የአዮዲን አቶም ይይዛል፣ ጠንካራው ዓይነት ሦስት። ይህ ሆርሞን በሰውም፣ በእንቁራሪትም፣ በአክሶሎትልም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ የልጅቷ ግምት በትክክለኛው መንገድ ላይ ነው። ግን ሁለቱ ችግሮች ተቃራኒ ናቸው። አዮዲን ያጣ ሰው ፒቱታሪው «ሆርሞን ጎደለ» እያለች አብዝታ ትቀሰቅሳለች፤ ታይሮይዱ በቅስቀሳው ብዛት ያብጣል፤ እንቅርት ይኼ ነው። በአክሶሎትል ፒቱታሪዋ ዝም ያለች ናት፤ ታይሮይዱም አላበጠም። ሰው ጩኸቱ ኖሮ ጥሬ ዕቃው አጥቷል፤ አክሶሎትል ጥሬ ዕቃው ኖሮ ጩኸቱን አጥቷል። ስለዚህ የአክሶሎትል እጭነት የአዮዲን እጥረት በሽታ አይደለም። አንዳንድ አርቢዎች ለማየት ብለው አዮዲን ወይም ሆርሞን ይሰጡታል፤ መጠኑ ከተዛባ እንስሳው ይሞታል። እኔ በፍጹም አልመክርም።

ሁሉም ሳላማንደር እንደ አክሶሎትል አይደለም። አልፓይን ኒውት የተባለው የአውሮፓ ሳላማንደርና በአሜሪካ ያሉ አንዳንድ የአክሶሎትል ዘመዶች እንደ ሁኔታው ሁለቱንም መንገድ ይሄዳሉ፤ በአንዱ ኩሬ ውስጥ ስንጥብ ያላቸውና የሌላቸው ጎልማሶች አብረው ይራባሉ። ኩሬው የማይደርቅ፣ ምግብ የሞላበት፣ ዓሣ የሌለበት ከሆነ እዚያው መቅረት ያዋጣል፤ ውኃው ውስጥ ያለው ወንድ ከየብስ ዝናብ ጠብቆ ከሚመጣው ቀድሞ መራባት ይጀምራል። ኩሬው መድረቅ ሲጀምር ግን ጭንቀት ይመጣል። እዚህ ላይ ተፈጥሮ የሠራችው ነገር ይደንቀኛል፦ በእነዚህ እንስሳት የጭንቀትን ሆርሞን የሚያስነሣው የሃይፖታላመስ መልእክት ያው ታይሮይድን የሚያስቀሰቅሰው ነው። የኩሬው መጉደል ራሱ የቦዩን በር ይከፍታል። ብርድም በተቃራኒው በሩን ያጠብቃል፤ በከፍታ ቦታ ባሉ ቀዝቃዛ ኩሬዎች እጭ ሆኖ መቅረት የሚበዛው ለዚህ ነው። ጮቄ ላይ ሳላማንደር ቢኖር ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

ሌሎች ደግሞ ሆርሞን በገፍ ቢሰጣቸውም ስንጥባቸውን አይጥሉም። ከእነዚህ አንዱ በስሎቬንያና በአካባቢዋ ዋሻዎች የሚኖረው፣ ዓይኑ በቆዳ የተሸፈነው ኦልም ነው። ለአቅመ አዳም የሚደርሰው በ15 ዓመቱ ገደማ ነው፤ ሴቷ በየ12 ዓመት ተኩል ገደማ ወደ 35 እንቁላል ትጥላለች። ይህን ከአክሶሎትል አንድ ዓመት ጋር ሲያስተያዩት ሌላ ነገር ይገለጣል፦ እጭ ሆኖ መራባት ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ወይ የሰውነቱ ለውጥ ዘግይቶ የመራቢያው ዕድገት በተለመደው ጊዜው ይመጣል፤ ወይ የመራቢያው ዕድገት ፈጥኖ ሰውነቱን ይቀድመዋል። የመጀመሪያው ኒዮቴኒ ይባላል፣ ሁለተኛው ፕሮጀኔሲስ። አክሶሎትል የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ የመራቢያ አካሉ አልቸኮለም፣ ስንጥቡ ነው የቀረው።

እና የእኛ እንቁራሪት? እጭ ሆኖ የሚራባ እንቁራሪት በየትም አገር አይታወቅም። አስገራሚው ግን ይኼ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ አለን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከእንቁራሪት እጮች ላይ ታይሮይዱን ገና ሳይዳብር አወጣው። እጮቹ ቅርጻቸውን ሳይለውጡ ግዙፍ ሆኑ፤ የመራቢያ አካላቸው ግን ማደጉን አላቋረጠም። ማለትም በእንቁራሪትም ሁለቱ ቦዮች የተለያዩ ናቸው። የሚቀረው ሰውነቱ ነው። የሳላማንደር እጭ ቶሎ አራት እግር ያወጣል፣ ሥጋ በል ነው፣ ሰውነቱ ከጎልማሳው ብዙ አይርቅም፤ እንቁልጢዋ ከበሰለ ቀሪው ሁሉ ተዘጋጅቷል። የእንቁራሪት እጭ ግን ጭንቅላትና ጅራት ነው፤ ሆዱን ሞልቶ የተጠቀለለው ረጅም አንጀት ነው፣ ሴቷን የሚያቅፍበት እጅ የለውም። ዘሩ ቢበስል እንኳ የሚያደርስበት አካል የለውም።

ተማሪዎቹ «ሄደን እንየው» ቢሉ፣ አክሶሎትል በዱር የቀረው በሜክሲኮ ሲቲ ዳር ባሉት የሾቺሚልኮ ቦዮች ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 6,000 ይቆጠር ነበር፤ በ2014 ቆጠራው 36 ሆነ። ውኃው ተበክሏል፤ ሰው አምጥቶ የጨመራቸው ካርፕና ቲላፒያ እንቁላሉንና ጫጩቱን ይበላሉ። ጣና ላይ እምቦጭ ሲንሰራፋ ያየ ሰው ይህ አያልፈውም። ከውኃው ወጥቶ ማምለጥ የሚችልበትን ሰውነት አላወጣም፤ ውኃው ሲበላሽ አብሮት ነው የሚያልቀው።

ለክፍልዎ አክሶሎትል ማምጣት ባይቻልም የሙቀቱን ነገር በኩሬያችን እጮች ማሳየት ይቻላል። ከአንድ ኩሬ፣ እኩል መጠን ያላቸውን እጮች በሁለት ሰፊ ዕቃ ይክፈሉ። አንዱን ጥላ ባለበት ቀዝቃዛ ቦታ፣ ሌላውን ሞቅ ባለ ክፍል፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ጥግ ያስቀምጡ። የቧንቧ ውኃ አይጠቀሙ፤ የኩሬውን ውኃ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይቀይሩላቸው። ጥቂት የተቀቀለ ጎመን ይበቃቸዋል። ተማሪዎቹ የኋላ እግር የወጣበትን ቀን ይመዝግቡ፤ የሞቀው ዕቃ ሲቀድም ያያሉ። የፊት እግር ሲወጣ ግን መውጫ ድንጋይ ያስገቡላቸው፤ ከዚያ በኋላ በሳንባ ስለሚተነፍሱ ውኃ ውስጥ ብቻ ከተተዉ ይሰምጣሉ። ሲጨርሱ ወደ ቀዱበት ኩሬ ይመልሷቸው፣ ወደ ሌላ ኩሬ አይውሰዷቸው።